ውሃ መጣ የተባለ ጊዜ

ለሚ ኩራ ያለው የኮንዶሚኒየማችን አዳራሽ ስብሰባ ተጠራን። አጥራችን ሥር የእኛን ሦስት እጥፍ የሚሆን የመኖሪያ መንደር ሊሠራ ነው። እኛ ራሳችን ውሃ የምናየው በሳምንት አንዴ፣ ያውም ከታች ካለው ቧንቧ በጀሪካን ቀድተን ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴያችን ሰብሳቢ አቶ ግርማ ግን መንደሩን ከሚሠራው አልሚ ተወካይ ጎን ተቀምጦ፣ «ውሃው ለሁላችንም ይበቃል፤ እኔ ቤት ጠፍቶ አያውቅም» አለና መንደሩ እንዲሠራ መስማማታችንን የምንፈርምበትን ወረቀት አዞረ።

ወረቀቱ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ዘነቡ ጋ ሲደርስ፣ አንገታቸውን በመስኮት ብቅ አድርገው «ኧረ ውሃ መጣ!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ ወዲያው ባዶ ሆነ። ቀድሞ የወጣው ማን መሰላችሁ? አቶ ግርማ! ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ እያለከለከ ተመለሰ።

«እማማ፣ የታለ ውሃው?»

«አይ ግርማ፣ ይበቃል ስትል ጊዜ የመጣ መስሎኝ እኮ ነው!»

እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ፣ ተወካዩ ጀሪካኖቹን አፍጥጦ እያየ ነበር።

«አቶ ግርማ፣ እውነት ውሃ የለም እንዴ?» አለ በቀስታ። «እኔ እኮ ከሚሠራው መንደር ቤት ገዝቻለሁ!»