ፓምፑን ማን ገጠመው?

ታክሲው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሽታው ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ በፌስታል ከያዘው የመኪና ካርቡሬተር ነው። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ጠየቁት።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ቤንዚን እየሞላ ያፈሳል፣ ጋሼ። ይሄ ሦስተኛው ነው። የሚሠራልኝ የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ነበር፤ ሌባ ብዬው ተጣላን። አሁን ፊቱ ላይ ልወረውርለት ወሎ ሰፈር እየሄድኩ ነው።»

«ፓምፑስ?»

«አዲስ ነው፣ የኤሌክትሪክ። ኃይለኛ።»

«ታዲያ ካርቡሬተሩ ምን ያድርግ? ፓምፑ በኃይል ሲገፋበት መዝጊያው አይችለውም። የድሮውን ፓምፕ መልሰህ ግጠም።»

«የድሮው እሱ ጋ ነው።»

«አዲሱን ማን ገጠመው?»

«እኔ።»

«እሱ አትግጠም አላለህም?»

«ብሎኛል።»

ጎልማሳው የፌስታሉን አፍ ቋጠረ።

«ጋሼ፣ ገብቼ ምን ልበለው?»

«መጀመሪያ ጤናውን ጠይቀው።»

ወሎ ሰፈር እስክንደርስ የትራፊክ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ እንዲሆንለት በልቤ ተመኘሁ።