ታቦት የሌለው ተራራ

በእኛ ጊዜ ተራራ የሚወጣ ሰው ወይ ሸፍቷል ወይ መንኗል። ሦስተኛ ከተገኘም በሬ የጠፋበት ነው። አትሳቁ እንጂ፣ እውነቴን ነው! እኔ ጉና ሥር ተወልጄ፣ ጉና ሥር ሸብቼ፣ የጉናን ጫፍ ረግጬው አላውቅም። ምን ላደርግ? እዚያ ማሳ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ብርዱ እንደሆን እዚህ ድረስ ወርዶ ይጠይቀኛል።

ታዲያ አንድ እሑድ ስንዱ መጣች። ስንዱ የመጨረሻ ልጄ ናት፣ ያቺ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስታገለግል ኖራ የተመለሰችው፣ አሁን ደብረ ታቦር ፀጉር ቤት የከፈተችው። መጣችና ጉልበቴን ስማ፣ "አባዬ፣ ላስፈቅድዎ የመጣሁት ነገር አለ" አለችኝ። እኔ እንግዲህ ባል ተገኘ ብዬ ጋቢዬን አስተካከልኩ። እናቷማ ምኑንም ሳትሰማ እልል ልትል አፏን ከፍታለች።

"ታንዛኒያ ልሄድ ነው" አለች።

"እዚያ ነው የሚኖረው?" አልኳት።

"ማን?"

"ልጁ ነዋ!"

"ኧረ አባዬ፣ ምንም ልጅ የለም! ተራራ ልወጣ ነው። ኪሊማንጃሮ የሚባል።"

"ጉና ምን በደለሽ?"

"ጉናማ ለልምምድ ነው።"

ወይ ጉድ! ጉና ለልምምድ! እና ነገሩን ታስረዳኝ ጀመር፤ ለካስ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ በእግራቸው የሚንከራተቱ አሉ፤ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው። መኪና በሞላበት ዘመን! እነሱ ናቸው የመከሯት። ኪሊማንጃሮ ሲደርሱ መንገድ የሚመራ ሰው አለ፣ ጓዝ የሚሸከም አለ፣ ወጥ የሚሠራ አለ፣ ድንኳን የሚተክል አለ።

"ታዲያ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?" አልኳት።

"እኔማ እሄዳለሁ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም፤ መሄድ ብቻ።"

"እንዲህስ ደጃዝማችም አልዘመተ!" ብዬ ሳቅሁ። ሳቅሁና ሳቄ እዚያው ቀረ። ዓረብ አገር የሄደችበትን ቀን አስታወስኩታ! ያን ጊዜ ሳትነግረኝ፣ ሳልመርቃት ነው በደላላ ወጥታ የሄደችው። ለእናቷ ቶሎ እመለሳለሁ ያለች ልጅ ሳትመለስ ስንት ፋሲካ አለፈ። ፓስፖርቷን እመቤቲቱ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋባት፣ ስልክ ከልክላት፣ እኛ እዚህ ሞታለች ትኖራለች እያልን ስንቃጠል ኖረን፣ በመጨረሻ አንድ ፌስታል ይዛ አጥንቷ ብቻ መጣ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን ድምፅ ስሰማ ከቤት ወጥቼ እስኪያልፍ አየዋለሁ።

"አይሆንም፣ አልመርቅም" አልኩ።

"ካልመረቁኝ አልሄድም። ሳልመረቅ ሄጄ አይቼዋለሁ" አለች።

"እንግዲያውስ ቅሪያ!"

"እሺ አባዬ።"

እሺ አለች ብዬ ደስ አለኝ። ምን ደስ ይለኛል፣ እሺ ብላ ዝግጅቷን ቀጠለች! ክትባቱን ተወጋች። ወፍራም ጫማ ገዝታ እግሬን ይልመደው ብላ ፀጉር ቤቷ ውስጥ እሱን አድርጋ ሙሽራ ትሠራለች። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ በደጄ አልፋ ወደ ጉና፤ ሁለት ዱላ ይዛ፣ ጀርባዋ ላይ ይህን የሚያህል ቦርሳ አዝላ። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያያታል።

"ስንዱ፣ ምን ጭነሽ ነው?"

"ድንጋይ።"

"ወዴት የምትወስጂው?"

"ጉና ላይ።"

"ምነው፣ ጉና ድንጋይ አነሰው እንዴ?"

ጀርባዬ ሸክም እንዲለምድ ነው ትላለች። እንግዲህ በሞቴ ፍረዱኝ፤ በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው ምን አለበት ይባላል? ስለት አለበት ይባላላ! እና አገሩ ሁሉ ስንዱ ስለት አለባት አለ። ዓረብ አገር ሆና ተስላ ነው፣ ባሕር ማዶ አንድ ታላቅ ደብር አለ፣ ተራራ ጫፍ ላይ፣ በእግር እንጂ በመኪና የማይወጣ። ማን ይህን እንዳወራ ቄሱም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ። ብቻ ሰዉ ስለቱን ይዞ ወደ ቤቴ ጎረፈ። ጧፍ የሚያመጣ፣ የታቦት ጥላ የሚያመጣ፣ መጋረጃ የሚያመጣ። ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ደግሞ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጣች። "ጠበሉን ሞልታ ታምጣልኝ፣ ውለታሽን አልረሳም በላት" ትለኛለች። "ኧረ እትዬ፣ አትሄድም፣ ከልክያታለሁ" ስላት፣ "ከስለት ትከለክላለህ? አያ ፈንታ፣ ይቀስፍሃል!" ብላ አስደነገጠችኝ። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም አሉ፤ እኔም እንቢታዬን ያዝኩ።

በኋላ የንስሐ አባታችን መጡ። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ እናቷ ጥግ ላይ በሶ ታሻለች፣ አልፈቀድኩም እያልኩ ስንቅ ታዘጋጃለች! ቄሱ ተቀመጡና፣ "ልጄ ስንዱ፣ ለመሆኑ ደብሩ ማን ይባላል?" አሏት። እኔ እንግዲህ የአንዱን ቅዱስ ስም ጠርታ ትገላገላለች ብዬ ነበር።

"አባ፣ ደብር የለውም። ጫፉ ላይ ያለው በረዶ ነው" አለች።

 እትዬ ዘውዴ ቶሎ ብላ፣ "ጠበልስ?" አለች።

"ጠበልም የለ እትዬ። ስለት አለብኝ ያልኩት ሰውም የለም።"

"ታዲያ ልጄ፣ ማንን ልትሳለሚ ነው ይህን ሁሉ መከራ?" አሏት ቄሱ።

ልጄ አንገቷን ደፋች፣ ቀና አለች። "አባ፣ እዚያ ሰው ቤት እያለሁ ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉብኝ ነበር። ውጪ የማየው መስኮት ስወለውል ነው፣ እሱም የጎረቤት ግንብ ነው። ይኸው መጣሁ፣ ዛሬም አውሮፕላን በሕልሜ ሳይ እየጮኽኩ ነው የምነቃው። አንድ ጊዜ ማንም ሳይልከኝ፣ ማንንም ሳላገለግል፣ ፓስፖርቴን በራሴ ኪስ ይዤ ከአገር ልውጣና ልመለስ። ተራራው ባይሆን ሌላም ይሆን ነበር፤ እኔ ግን ተራራ ነው የማውቀው።"

ቄሱ ወደ እኔ ዞረው፣ "ፈንታ፣ ምን ትጠብቃለህ? ተነሥና መርቃት እንጂ" አሉኝ።

ተነሣሁ። "ሂጂ ልጄ፣ እንቅፋት አይምታሽ፣ ክፉ አይይሽ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ እግዚአብሔር በሰላም..." ብዬ "ይመልስሽ" የምትለዋ አልወጣ አለችኝ። አለቀስኩ። ምን ይደረጋል፣ በሰው ፊት አለቀስኩ። እናቷ ናት "ይመልስሽ" ብላ የጨረሰችልኝ፤ ሰዉም አሜን አለ። ጧፉም ጥላውም ለእኛው ደብር ገባ። እትዬ ዘውዴ ግን ጀሪካኗን ይዛ፣ "በረዶም ቢሆን ሲቀልጥ ውኃ ነው፤ ምን አለበት ብታመጣልኝ?" እያለች ነው የወጣችው።

እና ሄደች። እኔ እህል አልበላሁም፣ ስልክ ከእጄ አልለየሁም። ተራራው ላይ ስልክ አይሠራም ብላ አስቀድማ ነግራኛለች፤ እኔ ግን ስልክ አይሠራም የሚባለውን ወሬ ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ።

የምትመጣበት ቀን ባሕር ዳር ወርጄ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆምኩ። ወጣች። አፍንጫዋ እንደ ድንች ተልጧል፣ ታነክሳለች፣ ቦርሳዋን ግን ራሷ አዝላለች። ገና ሳልስማት ፓስፖርቷን ከኪሷ አውጥታ አሳየችኝ።

"ወጣሽው ታዲያ?" አልኳት።

"አልወጣሁትም። ጫፉ ልደርስ ስል ራሴን ሊፈልጠው ደረሰ፣ የበላሁትን ሁሉ አስመለሰኝ። መሪው ጠየቀኝ፣ ልመለስ እፈልጋለሁ አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"እሺ አለ።"

"እሺ ብቻ? አልተቆጣም? እስኪ ትንሽ ቆዪ አላለሽም?"

"ኧረ እሺ ብሎ እጄን ይዞ አወረደኝ፣ አባዬ። የዚያኑ ቀን።"

ይህን ስትለኝ እዚያው ሰው መሃል አቅፌያት ቀረሁ፤ እሷ ትስቃለች፣ እኔ አለቅሳለሁ፤ ጥበቃው መጥቶ "አባት፣ መንገድ ይልቀቁ" አለን።

— ታዲያ አያ ፈንታ፣ ያን ሁሉ ድንጋይ ተሸክማ፣ ጫፉን ሳታየው ቀረች በሉኛ?

ቀረች! ጫፉ እዚያው ይቀመጥ፣ ማን ጠየቀው? የእኔዋ ከሰው አገር ልመለስ ስትል እሺ ብለው የመለሷት ልጅ ናት፤ ከዚህ ወዲያ ምን ልውጣ ትበል? ሃሃሃ! እትዬ ዘውዴ ብቻ ናት እስካሁን ያኮረፈችኝ።