እኔ የደገምኩት ጨው

ከቃሊቲ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ጀሪካን ታቅፋ ከፊቴ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት እናት ጠየቋት።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ፈሳሽ ሳሙና ነው እማማ። ከጎረቤቴ ጋር እየሠራን እንሸጥ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ተጣላን። እንዲወፍርልኝ ብዬ እሷ ሳታይ ጨው ደገምኩበት። በማግስቱ እንደ ውሃ ቀጠነ። ‹ውሃ የቀላቀልሽበት አንቺ ነሽ› ብዬ በሰው ፊት ሌባ አልኳት።»

«እሷስ ምን አደረገች?»

«ማማሰያዋን ይዛ ወጣች። ዛሬ አንድ ባለሙያ ጨው ሲበዛ ሳሙናውን መልሶ ያቀጥነዋል አለኝ።»

«ታዲያ ይቅርታ በያት።»

«ቤቱን ለቃለች፤ ስልኬንም አታነሳም።»

«እንኪ፣ በእኔ ደውዪላት።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል ስልኩ እስኪነሳ ጠበቅሁ።