ዒነብ ነው ያልኩት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሽ ሰው ነበር። ቀፊራ ገበያ ስትወርጂ በኦሮምኛ ትጠይቂያለሽ፣ በሱማሌኛ ትከራከሪያለሽ፣ በአማርኛ ትስማሚያለሽ፣ ሲመርቁሽ ደግሞ በዐረብኛ ነው። እና ታዲያ ይኸው ቋንቋ ማወቅ ነው ጉድ ሊሠራን የነበረው። ውሻችንን ሊገድልብን ነበር። ውሻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁ፣ ያኔ ለእኔ ውሻውና ልጄ አንድ ነበሩ፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ባለቤቴን በላቸውን አታውቁትም፣ ነፍሱን ይማርና። ባቡር ላይ ነበር የሚሠራው፣ ጅቡቲ ሲወጣ ሲወርድ ነው ዕድሜው ያለቀው፣ እና ፈረንሳይኛውንም ዐረብኛውንም ሱማሌኛውንም መንገድ ላይ ለቃቅሞ ለቃቅሞ፣ "እኔን በላቸውን በየትም አገር ቋንቋ ማንም አያታልለኝም" ይል ነበር። ልጃችን ግርማ ደግሞ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አንድ ቡችላ አንስቶ አሳደገ። ስሙን ኦቶራይ አለው። ኦቶራይ የምንለው ያን ፈጣኑን የመንገደኛ ባቡር ነው፣ ውሻውም ሲሮጥ አይያዝም ነበርና። ይኼ ውሻ ታዲያ ከሥጋ ይልቅ ፍራፍሬ ነበር የሚወደው፣ ታምኑኛላችሁ? ግርማ ማንጎ ይልጥና እየቆረጠ፣ አንዴ ለራሱ አንዴ ለውሻው፣ አንዴ ለራሱ አንዴ ለውሻው። ፍሬውን ግን አይሰጠውም፣ "ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል" ይላል።

ጊዜው ደርግ ነው፣ ውትድርና መጣ። ልጄን ወሰዱት። ሁርሶ ማሠልጠኛ ገባ፣ ከሁርሶ ደግሞ ወደ ሰሜን። ሊሄድ ሲል በር ላይ ቆሞ እኔን ማየት አቃተው፣ ውሻውን እያየ፣ "እማዬ፣ ኦቶራይን አደራ" አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ያለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እኔም እንግዲህ የእናት ነገር፣ ኦቶራይ ደህና ከዋለ ልጄ ደህና ዋለ ብዬ አመንኩ። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው ውሻውን ነው። ጅል በሉኝ፣ እናት ስትሆኑ ትደርሱበታላችሁ።

ጎረቤታችን አሚ ሳልህ ነበሩ። አሚ ማለት በዐረብኛ አጎቴ ማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። በልጅነታቸው ከየመን የመጡ፣ ቀፊራ ፍራፍሬ የሚሸጡ፣ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ ሰው። ውሻ አይነኩም። ሰሚራ፣ ሙስሊም ነሽና አንቺ ታውቂዋለሽ፣ የውሻ ምራቅ ከነካቸው ሰባት ጊዜ መታጠብ ነው፣ አንዱን በአፈር። እና ኦቶራይ ከሩቅ ሲመጣ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ግድግዳ ይጠጋሉ። እሱም ይወቀው አይወቀው እንጃ፣ እሳቸውን ሲያይ መንገድ ይለቃል። ሌላ ሰው ግን ይነክስ ነበር፣ አልዋሽም፣ የቀበሌው ጥበቃ ስንት ሱሪ ተቀደደበት።

አንድ ቀን አሚ ሳልህ ከጅቡቲ የመጣ ፍራፍሬ ሲያራግፉ ኦቶራይ ሣጥኑን ሲያሸት አዩት። ወደ መስጊድ ለመሄድ ቸኩለዋል። በላቸውን በግንቡ ላይ ጠሩና፣ ለውሻው ዒነብ እንዳትሰጡት፣ ይገድለዋል ብለውት ሄዱ። በላቸው ገባና፣ "ሰማሽ፣ ማንጎ ውሻ ይገድላል አሉ" አለኝ። ማንጎ ነው ያሉህ? ብዬ ብጠይቀው፣ አምባ አሉኝ፣ አምባ ደግሞ ማንጎ ነው፣ ኦሮሞው አምባ ይለዋል፣ ሱማሌው ዓምቤ ይለዋል፣ ዐረቡም ያው ነው፣ ደግሞ ቋንቋ ልታስተምሪኝ ነው? አለና ተቆጣ። ምን ልበል? ልጄ ያሳደገው በማንጎ ነው። ግን የአደራ ነገር ፈራሁ፣ እና ከለከልኩት።

ወሩ ደግሞ የማንጎ ወር፣ ግቢው ሁሉ ማንጎ ማንጎ ይሸታል፣ ኦቶራይ ደጃፌ ላይ ተጋድሞ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። ምግብ እምቢ አለ። ከሳ። እኔም አብሬው ከሳሁ። በላቸው አንጀቱ አልችል ቢለው ከጅቡቲ ሲመለስ ዘቢብ ይዞ መጣ። ለሰውም ጉልበት ነው፣ ማንጎውን ያስረሳዋል አለና በሳህን ዘረገፈለት። ውሻው በላ በላና ሳህኑን ላሰው። እኔ ደስ ብሎኝ ዕንባዬ መጣ።

ኦቶራይ አፉን ገና ልሶ ሳይጨርስ፣ አሚ ሳልህ ታጥበው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ለዐስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት ሊሄዱ በደጃችን ያልፋሉ። ላስደስታቸው ብዬ፣ እንዳሉን አምባ ከልክለነዋል፣ አሁን ዘቢብ ነው የምንሰጠው አልኳቸው። ቆሙ። ፊታቸው ልውጥ አለ።

"አምባ ማን አለ፣ ኡም ግርማ?" አሉኝ። የግርማ እናት ማለታቸው ነው። "ዒነብ ነው ያልኩት። ዘቢብ እኮ የደረቀ ዒነብ ነው።"

ለካስ ዒነብ ወይን ነው። በላቸው ከቤት ወጥቶ፣ ታዲያ በአማርኛ ወይን አይሉኝም ኖሯል? ቢላቸው፣ "አስተግፊሩላህ፣ ወደ መስጊድ እየሄድኩ የመጠጥ ስም ልጥራ?" አሉት። ለእሳቸው ወይን ማለት ጠርሙሱ ነው፣ ፍሬው መቼ ትዝ ይላቸዋል። ዛሬ ስቄ አልጨርሰውም፣ ያን ቀን ግን ማን ሳቀ። መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። "ልጄ ሞተ" አልኩ። ልጄ ነው ያልኩት፣ ውሻው አላልኩም።

አሚ ሳልህ ይህን ሰሙ፣ የግርማን አደራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አስቡት እንግዲህ፣ ለሶላት የታጠበ እጅ፣ ያ ነጭ ልብስ። ኦቶራይ ፊት ተንበረከኩ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ መንጋጋውን ፈልቅቀው ጣታቸውን ጉሮሮው ድረስ ሰደዱት። አሁን እጃቸውን ይበጥሰዋል ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። ብገልጥ፣ ያ ሰው የማያስጠጋ ውሻ አፉን ከፍቶላቸው ዝም ብሏል። እንደ ሕፃን ዝም። አስመለሰው፣ ዘቢቡ እንዳለ ወጣ፣ ልብሳቸው ላይ፣ ሽርጣቸው ላይ። ደገሙት። አሁንም ደገሙት። በዐረብኛ ያባብሉታል፣ አዛኑ ከወዲያ ይሰማል፣ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። እኔ ታቦት ሲወጣ የሚወርረኝ ነገር አለ፣ ከራሴ እስከ እግሬ የሚነዝረኝ። እሱ ነው የወረረኝ። አማተብኩ። ምን ላድርግ፣ ሌላ የማውቀው የለኝም።

ከዚያ ተነሡ። በላቸው ውኃ ያፈስላቸዋል፣ እሳቸው ይታጠባሉ፣ መጀመሪያ በአፈር አሹት፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያም ውኃ። በላቸው አንገቱን ደፍቶ፣ በእኔ የተነሣ ረከሱ አላቸው። እሳቸውም ከእጃቸው ላይ ዐይናቸውን ሳያነሡ፣ "እጅማ በውኃ ይታጠባል፣ አንተ በላቸው። አደራ በምን ይታጠባል?" አሉት። በላቸው ያፈሰው ውኃ እግሩ ላይ ፈሰሰ።

ልብሳቸውን ለውጠው፣ ሶላታቸውን ሰግደው ተመለሱ። ያኔ ነው የነገሩን። የመን ሳሉ አባታቸው የዒነብ አትክልት ነበራቸው፣ ጠባቂው ውሻ የረገፈውን በልቶ ሽንቱ ደርቆበት ሞተ። ሌላው ውሻ ደግሞ በልቶ ምንም አልሆነ፣ የትኛውን እንደሚገድል አላህ ነው የሚያውቀው አሉ። ታዲያ ምን ልስጠው ብላቸው፣ ማንጎውን ስጪው፣ ልጅሽ እንዳደረገው ፍሬውን አውጪለት፤ ፓፓያም ሐብሐብም እንደዚያው፣ ቴምርም ያለ ፍሬው ትንሽ ትንሽ፤ ጊሽጣ ይቅርበት፣ ፍሬው መርዝ ነው። ዒነብን ግን እርጥቡንም ደረቁንም፣ አንዲት ፍሬም ቢሆን አይቅመስ። አሁን ሽንቱን ጠብቂ፣ ከሸና ተረፈ፣ አሉኝ።

ልጆቼ፣ ሰው ማርያምን ዕድሜ ይለምናል፣ ጤና ይለምናል። እኔ የለመንኳት ሽንት ነው። ውሻው ተኝቷል፣ ውኃ በእጄ አጠጣዋለሁ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እመቤቴ ሆይ ይሽና፣ እመቤቴ ሆይ ይሽና። አሚ ሳልህም በግንቡ ላይ ብቅ እያሉ፣ "ሸና?" ይላሉ። አልሸናም። አመሸ፣ ነጋ፣ አልሸናም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተነሣ። እየተንገዳገደ ከግቢ ወጣ፣ እኔ ከኋላ ከኋላው። የቀበሌው ግንብ ላይ በትልልቁ በቀይ ቀለም "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" ተብሎ ተጽፎ ነበር። ኦቶራይ ግንቡ ሥር ደረሰ፣ ቆመ፣ እግሩን አነሣ፣ "ጦር ግንባር" የሚለው ላይ ለቀቀዋ። እኔ መንገድ መሐል መሆኔን ረሳሁ። እልልልል አልኩ። ያ ሱሪው የሚቀደድበት ጥበቃ ሮጦ መጣ፣ ውሻውን አላየም፣ የእኔን ዕንባ አየ፣ ጽሑፉን አየ፣ የዘማች እናት መሆኔን ያውቃል። "እንዲህ ነው የጀግና እናት" ብሎ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። እኔም ደገምኩለት፣ እልልልል። ኪኪኪ፣ ወላሂ ይኼን ስናገር ሆዴን ያመኛል።

"ግርማስ መጣ፣ እማማ?" አለች ሰሚራ።

መጣ እንጂ። ደርግ ወድቆ፣ ከስቶ ጠቁሮ፣ በእግሩ መጣ። ኦቶራይ ሲጠመጠምበት ጊዜ፣ እንዴት ቆየ? አለኝ፣ ነገርኩት። ውኃ እንኳ አልጠጣም፣ ግንቡን ዞሮ ሄደና የአሚ ሳልህን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ። እሳቸው እጃቸውን ሸሸግ አደረጉ፣ "ተው ልጄ፣ ውሻ አፍ የገባ እጅ ነው" አሉት።

"ለዚሁ እኮ ነው የምስመው" አላቸው።