በስልክ የተሻረ አሰልጣኝ

ጋሽ ማርቆስ፣ ሲቀላ ሰፈር ኳስ በምናይበት ቤት በር ላይ ቁጭ ብለው ለእኛ ለመንደሩ ልጆች የነገሩን፤ እንዳወሩት።

በእኛ ዘመን ሰው የሚሻረው ፊት ለፊት ነበር። ስማ፣ ስልክህን አስቀምጥና ስማ። አገሬ ዶርዜ፣ እኔ ገና ሽመና ስማር፣ ሃላቃ ነበረን፤ ሃላቃ ማለት አገሬው መርጦ የሚሾመው ሰው ነው፣ እና ጥፋት ካገኙበት ይሽሩታል፣ አዎ ይሽሩታል፣ ማን አይሻርም አለ? ግን ዱቡሻ ይጠሩታል። ዱቡሻ ሸንጎው ነው፣ ሁሉም ሣሩ ላይ ይቀመጣል፣ እና አንዱ ይነሳና «አንተ ይህን ይህን አጥፍተሃል» ይለዋል፣ ዓይን ዓይኑን እያየ። ታዲያ እሱም ይመልሳል። እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም። የሚሻርም ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው። በሌለበት የተሻረ ሃላቃ አላየሁም፣ አልሰማሁም።

እናንተ አሰልጣኛችሁን መስፍንን እንዴት አድርጋችሁ ሻራችሁት? በስልክ።

ቆይ፣ አትሳቅ። ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከዚህ ቤት ነው የመጣው፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ካለው ቴሌቪዥን። እኔም አብሬያችሁ አይቻለሁ። ዲሽ ሲቀላ ሲገባ እናንተ አልተወለዳችሁም፣ እኔ ያኔም የዚያች የእንግሊዝ ቡድን ደጋፊ ነበርኩ። የቡድኗ አሰልጣኝ ባርኔጣ የሚያደርግ ሽማግሌ ነበር፤ ስሙ ለአፌ ስለማይመች ሽማግሌው ነው የምለው። ታዲያ መጀመሪያ ይሸነፍ ነበር። ኧረ እንዴት አድርጎ ነው የሚሸነፈው። እዚያ እንግሊዞቹ ጨርቅ ላይ ጽፈው «ሂድልን» ይሉታል፣ እዚህ ቤት ደግሞ «ይሄ ሰውዬ አርጅቷል፣ ለምን ቤቱ ሄዶ የልጅ ልጅ አይስምም?» ይላሉ። ባለቤቶቹ ግን ዝም አሉ። ዝም። እና ቆይቶ ዋንጫ ወሰደ፣ ደግሞ ወሰደ፣ እስኪሰለቸን ወሰደ።

ታዲያ እሱ በቃኝ ብሎ ሲሄድ ጉዱ ጀመረ። አንዱ መጣ፣ ፊቱ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ የሚመስል። ሳይለምድ ተባረረ። ሌላው መጣ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ መስመሩ ላይ የሚዘል። እሱም ተባረረ። ከዚያ ኩራተኛው፣ ከተጫዋቹም ከዳኛውም ከኳስ አቀባዩም የሚጣላ። ተባረረ። በመጨረሻ የራሳቸውን ልጅ አመጡ፣ እዚያው ቡድን ውስጥ ተጫውቶ ያደገውን፣ እና ደስ አለን፣ የቤት ልጅ ነው ብለን። እሱንም። የገዛ ልጃቸውን።

እኔ ሸማኔ ነኝ። አንድ ጋቢ ግማሹን አንዱ ጀምሮት ሌላው ሲጨርሰው አውቀዋለሁ፤ አንዱ ጠበቅ አድርጎ ይመታል፣ አንዱ ላላ ያደርጋል፣ እና ጋቢው መሃሉ ላይ ይጣመማል። ያቺ ቡድን አሁን ስንት እጅ የነካካው ጋቢ ናት።

እናንተ ደግሞ በተሸነፈች ቁጥር ወንበር ላይ ቆማችሁ «ይባረር፣ ይባረር»። አቤል፣ አንተ ነህ አዝማቹ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰህ ሥራ እየጠበቅህ የሰው ሥራ ታስለቅቃለህ። «ጋሼ፣ ታክቲክ የለውም እኮ፣ ሰውየው አልቆለታል» ትለኛለህ። እሺ፣ እሱ ይሁን፣ ሲቀላ ቁጭ ብላችሁ የእንግሊዙን ሰው አባርሩ፣ እሱ አይሰማችሁም። መስፍን ግን ጎረቤታችሁ ነው። ሙዝ ሲጭን ውሎ ሳይታጠብ ሜዳ የሚወርድ ማን ነው? አቤል፣ እግርህ የተሰበረ ጊዜ በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰህ ማን ነው? መልስ እንጂ።

«እሱ ነው ጋሼ።»

እሱ ነው። ታዲያ በሴቻ ሰፈር ልጆች ደጋግማችሁ ተሸነፋችሁ፣ እና ይሄ አቤል ቴሌግራም ላይ የመስፍንን ፎቶ ለጠፈና «አሰልጣኛችን ለሰጠን አገልግሎት እናመሰግናለን፣ በቀጣይ ሕይወቱ መልካም ዕድል እንመኝለታለን» ብሎ ጻፈ። ልክ እንግሊዞቹ እንደሚጽፉት። «ምንድን ነው ይሄ?» ስለው «ጋሼ፣ ፕሮፌሽናል አሠራር ነው» አለኝ።

መስፍን ያለችው ባለ ቁልፍ ስልክ ናት፣ ቴሌግራም የላትም። ያለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዱ ኳሶቹን በመረብ ተሸክሞ መጣ። እኔ ሜዳው ዳር ነበርኩ። እናንተ ያመጣችሁት አዲሱ አሰልጣኝ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መሃል ቆሟል፣ እናንተ ተሰልፋችኋል። መስፍን ሳቀ። ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ዛሬ እንግዳ አለን እንዴ?» አለ። ሁላችሁም መሬት መሬት ታያላችሁ። አንዱማ የታሰረ ጫማውን ፈትቶ እንደገና ያስራል። ታዲያ ገባው። ኳሶቹን አልወረወረም፣ ጎንበስ ብሎ አስቀመጣቸው፣ እና ወደ እኔ መጥቶ «ጋሽ ማርቆስ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። እኔን።

ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከቤት አይወጣም። ዛሬ ጠዋት ሚስቱን ገበያ አገኘኋት፣ ሰኞ ምዕራብ ዓባያ ሊሄድ ነው አለችኝ፣ ሙዝ እርሻ ላይ ሊሠራ፣ እና መመለስም አላሰበም። «ልጆቹን መንገድ ላይ ማየት ከበደው» አለችኝ። አያችሁ? እዚያ እንግሊዝ የተባረረው ሰውዬ ሌላ ቡድን ይይዛል። መስፍን ከዚህች ሜዳ ሌላ ምን አለው?

መልሱት አላልኩም። የማይረባ ከሆነ ሻሩት። ግን ነገ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ዋርካው ሥር ጥሩት፣ ሁላችሁም ተቀመጡ፣ ጥፋቱን ፊት ለፊት ንገሩት፣ እሱም ይናገር። አቤል፣ አንተ ትጀምራለህ።

«ምን ብዬ ልጀምር ጋሼ?»

ጥፋቱን ተናገራ። እኔን መስፍን ነው በልና ተናገር። ይኸው፣ እያየሁህ ነው። ቀና በል እንጂ። መሬቱ አይደለም የሚሻረው።

«ጋሼ... ምንም አላጠፋም እኮ።»

እንግዲያው ለእኔ አይደለም፣ ሄደህ ለራሱ ንገረው። እስከ ነገም አትቆይ፣ አሁን ተነስ። እርጥብ ሣር ቁረጥና ይዘህ ሂድ፤ እኛ ጋ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ባዶ እጁን ደጅ አይቆምም።

«እኛም እንቁረጥ ጋሼ?»

ታዲያ ሣሩንም በስልክ ልትልኩለት ነው?