ጭቃ የነካው የእማማ ማዛል ልብስ

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ እኛ ሕንፃ ላይ፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ እማማ ማዛል የሚባሉ ከሞሮኮ የመጡ አይሁዳዊት አሉ። ኢየሱስን እንደምከተል ከሰሙ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን በሚጮህበት ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ተቆጥቶ በሚውልበት ጊዜ፣ ከገዴራ ከሥራ ስመለስ ነፋስ ልብሳቸውን ከገመዱ አውርዶ ጭቃ ላይ በትኖት አገኘሁ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ “እሰይ!” ብዬ አልፌው ነበር። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን “እንዴ! ኢየሱስ ቢሆን እንዲህ አይቶ ያልፋል?” አልኩና ተመለስኩ። ለቅሜ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ተኩሼም አጣጠፍኩት።

በማግስቱ እማማ ማዛል ከልጃቸው ቤት ሲመለሱ ገመዱን ባዶ አዩትና በሬን በቡጢ ይደበድቡት ጀመር። “ልብሴን የት አደረስሽው?” ይላሉ በዕብራይስጥ። በሩን ከፍቼ የተጣጠፈውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አንዱን አንሥተው አሸተቱት።

“አንቺ ነሽ ያጠብሽው? እኔ እኮ ሰላም እንኳን አልልሽም!”

“ኢየሱስ ለማይወዷችሁም ደግ ሁኑ ብሎናል፣ እማማ” አልኩ። አሁን ልብሱን ፊቴ ላይ ሊወረውሩት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እሳቸው ግን ትንሽ አሰቡና “ቤሰደር፣ እሺ ይሁን!” አሉ። “እሱም እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነው። እናቱ ደህና አድርጋ አሳድጋዋለች!”

ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመን በሳቅ ተንከተከትን።