ቦራውን ያስቀረሁት እኔው ነኝ

እኔ ወይፈን ካየሁ አጥር ላይ የምወጣ ፈሪ ነኝ። ግን ትምህርት ቤት ስለ ከብት እርባታ ስንማር ሁለቴ እጄን አውጥቼ ስለመለስኩ ልቤ አበጠና አባባን «ኮርማ በቀንዱ ማማር አይመረጥም፤ ዕድገቱን መዝግበን እንምረጥ» አልኳቸው። ሁለት ወይፈን አለን፤ ከእጄ የሚበላው ዳለቻና ባየኝ ቁጥር የሚያባርረኝ ቦራ። አንዱ ለኮርማነት ይቀራል፣ አንዱ ይሸጣል። በየወሩ አባባ ገመዱን ይዘውልኝ የሁለቱንም ደረት በሜትር ለካሁ። ቦራው ጋ ስደርስማ ቁጥሩን የምጽፈው አጥር ላይ ወጥቼ ነበር!

«እሺ አስተማሪዋ፣ ማን በለጠ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ዳለቻ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ መዝገቡ ግን የገዛ እጄ ጽሕፈት ነው። «ቦራው» አልኩ።

ዳለቻዬ ሊሸጥ ወደ ቡሬ ከተማ ገበያ ተነዳ። እኔም ይሄው ቦራው በሩ ላይ ስለሚጠብቀኝ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የምሄደው የጓሮውን አጥር ዘልዬ ነው። አባባ ከኋላዬ ይጮሃሉ፦ «ምነው ልጄ፣ የመረጥሽውን ደህና አደርክ አትይውም?»